ወናፉና ጎማው

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በስሌት ልጀምር፤ የመምህር ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። 201 ሜትር ከፍታ ካለው ገደል ጫፍ ላይ አንድ ድንጋይ ብትለቁ፣ የአየሩን ግፊያ ትተን፣ መሬት እስኪነካ 6.4 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አሁን ያንን ገደል አጋድማችሁ አስፋልት አድርጉት። አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ 201 ሜትር ከቆሙበት ተነስተው ከ4.5 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ የሚጨርሱ መኪኖች አሉ። ከገደል የሚወድቀውን ድንጋይ ይቀድሙታል ማለት ነው!

መቼም እንደ ትራክተር የገዘፈ ጎማ ያላቸው ይሆናሉ ትላላችሁ። አይደለም። እኔ የምላችሁ መኪኖች የኋላ ጎማቸው ስፋት 275 ሚሊሜትር ነው። አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ቢሆን ነው። እዚያ አገር ይህ ራሱን የቻለ ውድድር ሆኖ "ስሞል ታየር" ይባላል፤ ጠባብ ጎማ እንደማለት። ሞተራቸው ላይ ደግሞ ሱፐርቻርጀር የሚባል አየር በግድ የሚያስገባ መሣሪያ ተጭኗል። ከአንድ ሺህ በላይ የፈረስ ጉልበት፣ በሁለት ጠባብ ጎማዎች ብቻ መሬት የሚረግጥ።

እንዲህ ያለችው መኪና እንዴት ተሠራች? አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠራት አይደለችም። ታሪኳ ከ160 ዓመት በላይ ወደኋላ ይሄዳል። የሱፍ ፋብሪካ አለበት፣ የብረት ማቅለጫ አለበት፣ ጦርነት አለበት፣ መንገድ ላይ ያለቁ ወጣቶችም አሉበት። እስቲ ከሥሩ እንነሳ።

ሞተር የሚበላው ቤንዚን ይመስለናል። በብዛት የሚበላው ግን አየር ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በትክክል እንዲቃጠል በባሕር ጠለል ላይ 9 ሺህ ሊትር ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው አየሩን ማስገባቱ ላይ ነው። የእኛ ብረት ቀጥቃጭ ይህን ድሮ ነው ያወቀው። እሳቱ ሲሰንፍበት ከሰል አይከምርም፤ ወናፉን ነው የሚነፋው። ሱፐርቻርጀር ማለት በአንድ ቃል የሞተር ወናፍ ነው።

አዲስ አበባ የምትነዱ ሰዎች ይህ ነገር በየቀኑ ይነካችኋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩም በአንድ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው መኪና ጅቡቲ ወደብ ላይ የነበረውን ጉልበት ይዞ እንጦጦን አይወጣም። መኪናው ታሞ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው።

ወደ ወናፉ ታሪክ እንመለስ። ኢንዲያና በምትባል የአሜሪካ ግዛት፣ ኮነርስቪል በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፊላንደር ሩትስ እና ፍራንሲስ ሩትስ የሚባሉ ወንድማማቾች የሱፍ ፋብሪካ ነበራቸው። ፋብሪካው በውኃ ኃይል ነበር የሚሠራው። የውኃ መዘውሩን ለማሻሻል ብለው በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የሚሽከረከሩ ሁለት ክንፎች ሠሩ። እንደሚባለው መሣሪያው ለውኃ ብዙም አልበጀም፤ ሲያሽከረክሩት ግን ኃይለኛ ነፋስ ተፋ። በ1860 የባለቤትነት መብት አወጡበት። ብረት ማቅለጫዎች ለእሳታቸው ገዙት፤ የማዕድን ጉድጓዶችም አየር ለመንፋት ገዙት። በ1870 ኒውዮርክ ውስጥ አልፍሬድ ኢሊ ቢች የሚባል ሰው ከመንገድ በታች በነፋስ የሚገፋ ባቡር ሠርቶ ለሕዝብ ሲያሳይ፣ ነፋሱን የሰጠው የእነዚህ ወንድማማቾች ማሽን ነበር። ልብ በሉ፤ እስካሁን ስለ መኪና አንድም ቃል አላነሳንም። መኪና ገና አልተወለደም!

መኪናው ከተወለደ በኋላ ግን ወናፉ ሊከተለው የግድ ነበር። መርሴዲስ በ1921 በርሊን በተካሄደው የመኪና ትርዒት ላይ ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸው ሞዴሎችን ይዞ ቀረበ። ከዚያ በፊት ደግሞ የአውሮፕላን ሰዎች በዚሁ ጉዳይ ይጨነቁ ነበር። በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የአሜሪካ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ ፓይክስ ፒክ የሚባል 4,300 ሜትር የሚደርስ ተራራ ጫፍ ላይ አወጣና በራሱ ቱርቦ ሞከረው። ቱርቦ የሱፐርቻርጀር ወንድም ነው። ልዩነታቸው ጉልበት የሚበደሩበት ቦታ ነው፦ ሱፐርቻርጀር በቺንጋ ከሞተሩ ዘንግ ይበደራል፤ ቱርቦ ከሚወጣው ጭስ ይበደራል። ሞስ ተራራው ላይ ያረጋገጠው ነገር ቀላል ነበር፦ ትንፋሽ ያጠረው ሞተር አየር ከተነፋለት ጉልበቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጦርነቱ እንምጣ። ጄኔራል ሞተርስ በ1938 "71" የሚባሉ የናፍጣ ሞተሮችን አወጣ። ቁጥሩ የአንዱን ሲሊንደር መጠን በኪዩቢክ ኢንች የሚናገር ነው። ስድስት ሲሊንደር ያለው 6-71 ተባለ። እነዚህ ሞተሮች ባለ ሁለት ምት ስለነበሩ የተቃጠለውን ጭስ ጠርገው አዲስ አየር የሚያስገቡት በራሳቸው ትንፋሽ አልነበረም፤ የግድ የሚነፋላቸው ይፈልጋሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሞተር ጎን አንድ የሩትስ ወናፍ ተለጠፈ። ያኔ ዓላማው ፍጥነት አልነበረም፤ ያለ እሱ ሞተሩ አይሠራም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ይህ ሞተር የትም ገባ። ወታደር ወደ ባሕር ዳርቻ በሚያደርሱ ጀልባዎች ውስጥ ነበር። አንደኛው የሸርማን ታንክ ዓይነት ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ይሄድ ነበር። በከባድ መኪናና በአውቶቡስም ገባ። ጦርነቱ ሲያልቅ ታዲያ ምን ተረፈ? በየቁራሌው ግቢ የወናፍ ክምር!

በዚያው ጊዜ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጦር ሜዳ የተመለሱ፣ ሞተር መፍታትና መግጠም የለመዱ ወጣቶች ነበሩ። ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ሙሮክ እና ኤል ሚራዥ በሚባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ አሮጌ ፎርድ እያራቆቱ ይሽቀዳደሙ ነበር። ባርኒ ናቫሮ የሚባለው በ1940ዎቹ መጨረሻ ከእነዚህ የናፍጣ ሞተሮች ታናሽ የሆነውን የ3-71 ወናፍ ነቅሎ የፎርድ ቪ8 ላይ ከሰቀሉት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ነው። ቀጥሎ 6-71 መጣ። ዛሬ ድረስ የዚህ ስፖርት ሰዎች የወናፍን መጠን የሚጠሩት በእነዚያ የናፍጣ ሞተሮች ቁጥር ነው፦ 6-71፣ 8-71፣ 14-71 እያሉ። 14-71 የሚባል የናፍጣ ሞተር ኖሮ አያውቅም፤ ወናፉ እየረዘመ ሄደ፣ ስሙ ግን የአባቱን ስም ይዞ ቀረ።

እዚህ ላይ ታሪኩ መልኩን ይቀይራል። ሁሉም ወጣት ደረቅ ሐይቅ ድረስ አይሄድም። ብዙዎቹ የሚሽቀዳደሙት በከተማ መንገድ ላይ ነበር፤ ሌሊት፣ መብራት ላይ ቆመው፣ አረንጓዴ ሲበራ። ሰው ሞተ። ጋዜጣው ጮኸ፣ ወላጅ አለቀሰ፣ ፖሊስ አሳደደ። "ሆት ሮድ" የሚለው ቃል ዱርዬ እንደማለት ሆነ። አንዳንዱ "መኪናቸው ይነጠቅ፣ ይታሰሩ፣ በቃ" አለ።

ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው ግን ሌላ መንገድ አሰበ። እሱ ራሱ የሐይቆቹ ልጅ ነበር፤ በዚያን ጊዜም "ሆት ሮድ" የሚባለው መጽሔት አዘጋጅ ነው። ሐሳቡን በእኔ አባባል ላስቀምጠው፦ ልጁ መሮጡን አይተውም፤ የሚሮጥበትን ቦታ ግን መስጠት ይቻላል። በ1950 ሳንታ አና በሚገኝ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ መደበኛ ውድድር ተጀምሮ ነበር። ፓርክስ በ1951 ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበርን አቋቋመ። በ1953 ማኅበሩ የመጀመሪያውን ይፋዊ ውድድር ፖሞና ላይ አካሄደ። በ1954 ደግሞ አራት ሰዎች በአንድ መኪና ተጎታች አስከትለው ከከተማ ከተማ እየዞሩ ውድድር በሥርዓት እንዴት እንደሚካሄድ ማስተማር ጀመሩ። መሪያቸው ማን መሰላችሁ? በፖሞና ፖሊስ ሳጅን የነበረ ሰው! አሳዳጁ አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉ ቀላል ነበር፦ ሁለት መኪና፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ከቆሙበት መነሳት፣ ሩብ ማይል ማለትም 402 ሜትር። ከመሮጥህ በፊት መኪናህ ይፈተሻል። ፍሬንህ፣ ቀበቶህ፣ የራስ ቁርህ ይታያል። ካላለፍክ አትሮጥም። አለቀ።

አጥር ሲኖረው ነገሩ አደገ። በየዓመቱ ጉልበት ጨመረ። ጉልበት ሲጨምር ግን አንድ ግድግዳ ጋር ተጋጩ፤ ጎማ። የፊዚክስ ተማሪዎቼ፣ ሰበቃን አስታውሱ። መኪናን ወደፊት የሚገፋው ሞተር አይደለም፤ መሬት ነው። ጎማ መሬትን ወደኋላ ይገፋል፣ መሬት መኪናውን ወደፊት ይመልሳል። ጎማው መያዝ ከሚችለው በላይ ጉልበት ብትልክበት ባዶውን ይሽከረከራል፤ ጭስ ነው የሚተርፍህ። በ1950ዎቹ ለዚህ ውድድር ብቻ የተሠሩ ጥርስ የሌላቸው ለስላሳ ጎማዎች መጡ። ከዚያ ጎማው ሰፋ፣ ከፍ አለ። በ1964 ዶን ጋርሊትስ በይፋ በተመዘገበ ሩጫ 201 ማይል በሰዓት ደረሰ፤ ወደ 324 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ በትልቁ ምድብ ያሉት መኪኖች የኋላ ጎማቸው ከፍታው 91 ሳንቲሜትር፣ ስፋቱ 44 ሳንቲሜትር አካባቢ ደርሷል። የሞተራቸው ጉልበት ከ10 ሺህ ፈረስ በላይ ይገመታል።

የጉልበቱ ዋጋ ደግሞ በሰው አካል ተከፍሏል። በመጋቢት 1970 ጋርሊትስ ሊነሳ ሲል እግሩ ሥር ያለው ካምቢዮ ፈነዳ። መኪናው ለሁለት ተቆረጠ፤ የቀኝ እግሩም ከፊሉ ሄደ። ሰውየው ሆስፒታል ተኝቶ ያሰበው ስለ ጡረታ አልነበረም፤ ሞተሩን ከሾፌሩ ኋላ ስለማድረግ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ሞተሩ ከኋላ የሆነ መኪና ይዞ ፖሞና ላይ አሸነፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ምድብ ሾፌሩን ከሞተር ኋላ የሚያስቀምጥ አልተገኘም ማለት ይቻላል። በ2008 ስኮት ካሊታ የተባለ ሾፌር ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞተሩ ፈንድቶ ሕይወቱ ሲያልፍ፣ ማኅበሩ ለትልልቆቹ ምድቦች ርቀቱን ከ402 ወደ 305 ሜትር ቀነሰ። የብዙ ደንቦች ታሪክ ይኸው ነው፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ሰው አለ።

እንግዲህ ትልቁ ምድብ የትልልቅ ድርጅት ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ያኔ ነው የጋራዥ ሰዎች ሌላ በር የከፈቱት። "ጎማውን እናጥብበው፤ ሞተሩን እንደፈለጋችሁ" አሉ። በ1990ዎቹ ድራግ ራዲያል የሚባል፣ የመንገድ ጎማ የሚመስል ግን የሚጣበቅ ጎማ ገበያ ላይ ወጣ። ከ1979 እስከ 1993 የተመረተው የፎርድ ሙስታንግ ቀላልና ርካሽ ስለነበር የዚህ ምድብ ተወዳጅ ሆነ። የስሞል ታየር ውድድር የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን እንዲህ ያለች መኪና አንሥቶ የሚገነባ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሞተር እንዳይመስላችሁ። ተራ በተራ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሾፌሩን የሚያቅፈው የብረት ቱቦ ጎጆ ይበየዳል። በሰዓት 150 ማይል፣ ማለትም 241 ኪሎ ሜትር ከደረሰ ፓራሹት ግዴታ ነው። ወናፉ ሲፈነዳ ስብርባሪው እንዳይበተን በጠንካራ ጨርቅና ማሰሪያ የሚታሰርባቸው ምድቦች አሉ።

ቀጥሎ የኋላ እግሯ ይስተካከላል። መኪናዋ ስትነሳ ክብደቷ ወደኋላ ይሄዳል፤ ያ ክብደት ነው ጎማውን መሬት ላይ የሚጫነው። ስፕሪንጉና አሞርዛቶሩ ይህን ክብደት በልኩ ካላስተላለፉ ወይ ጎማው ይንሸራተታል፣ ወይ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ይነሳል። ሁለቱም ሽንፈት ነው።

ከዚያ የወናፉ ምርጫ ይመጣል። የሩትስ ዓይነቱ ነዳጅ ገና ሲረገጥ አየሩን ያንደቀድቃል፤ ለጠባብ ጎማ ይህ አስቸጋሪ ፈረስ ነው። ሌላው በፍጥነት በሚሽከረከር ክንፍ የሚነፋው ሴንትሪፉጋል የሚባለው ነው። እሱ የሞተሩ ዙር ሲጨምር ነው ግፊቱን የሚጨምረው። መነሻው ላይ ገር፣ መጨረሻው ላይ ጨካኝ። በጠባብ ጎማ የሚሮጡ ብዙ ሰዎች የወደዱት ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ ጉልበትን መደበቅ። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያዋ ሰከንድ የእሳቱን ጊዜ ወደኋላ ይጎትታል፤ ከወናፉ የመጣው አየር ከፊሉ እንዲወጣ ይደረጋል። ከዚያ በየአሥረኛ ሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይለቀቃል። ከሩጫው በኋላ ባለቤቱ መዝገቡን ከፍቶ የት ጋ ጎማው እንደሸሸ ያያል፣ ያስተካክላል፣ እንደገና ይሞክራል። ስለዚህ የሚያሸንፈው ብዙ ጉልበት ያለው ሰው አይደለም። ጉልበቱን መቼ መያዝ፣ መቼ መልቀቅ እንዳለበት የሚያውቀው ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ያወራሁት ለመኪና ፍቅር ብቻ አይደለም። ከዚህ ታሪክ እኔ የማነበው ነገር አንድ ነው፦ ይህን ስፖርት ያሳደገው ገደቡ ነው። መንገድ ላይ ያለ ገደብ የተሮጠው ሩጫ መቃብር ጨመረ። አጥር፣ ፍተሻና ደንብ የተሰጠው ሩጫ መሐንዲስ አፈራ። ሰፊ ጎማ የተሰጠው ጉልበት ጨመረ፤ ጠባብ ጎማ የተሰጠው ደግሞ ማሰብን ጨመረ። ገደብ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን እንቅፋት ነው። ለሚያስብ ሰው ግን የቤት ሥራ ነው።

ዛሬ መሪ የጨበጣችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተን እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው። በእኛም ከተማ እኩለ ሌሊት ሲሆን ባዶ አስፋልት እያየ እግሩ የሚበላው ልጅ አለ። ያ መንገድ ግን ባዶ አይደለም፤ ከሥራ የምትመለስ እናት አለች፣ የሚሻገር የቀን ሠራተኛ አለ። ፍጥነቱ ራሱ ኃጢአት አይደለም። የተፈተሸ ፍሬን፣ የተዘጋ መንገድ፣ የቆመ አምቡላንስ በሌለበት መሮጥ ነው ጥፋቱ። አገራችን ውስጥ ቦታው ከሌለ እንጠይቅ እንጂ የሰው መተላለፊያ ላይ አንሞክረው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ትራክ ብዙ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ሂዱና ከአጥሩ ጀርባ ቆማችሁ እዩልኝ። ጆሯችሁን ሸፍኑ ብቻ!

ለወላጆችና ለሥራ ባልደረቦቼ መምህራንም አንድ ቃል አለኝ። ልጁ ጉልበት አለው ብለን ከመደንገጥ በፊት፣ ጉልበቱ የሚያርፍበት መሬት ሰጥተነዋል ወይ ብለን እንጠይቅ። ዋሊ ፓርክስ ለእነዚያ "ዱርዬዎች" የሰጣቸው ስብከት አልነበረም፤ 402 ሜትር አስፋልትና ሕግ ነው።

ጋራዥ የምትሠሩ ልጆች፣ የጎደለውን ኮመንት ላይ ጨምሩልኝ፤ ከእናንተ የምማረው ብዙ ነው። ለሚጠቅመው ሰው አካፍሉት።

መልካም ሰንበት፤ መንገዳችሁ ሰላም ይሁን።